የእነሱ ዘጠናዎች፣ የእኛ ሰማንያዎች

የኢትዮጵያ ሙዚቃ መቼ ሞተ? ይህን ጥያቄ ብትጥሉት መልሱን በቃሉ የሚያውቅ ሰው አይጠፋም። «በ67 ሰዓት እላፊ የታወጀ ጊዜ» የሚል አለ። «ሸክላ መታተም ሲያቆም» የሚል አለ። «የለም የለም፣ ያ ኪቦርድ የሚሉት ሳጥን መጥቶ ሳክስፎኑን ከመድረክ ያወረደ ዕለት ነው» የሚልም አለ። ይህን ሦስተኛውን መልስ ከአባቶቻችን እንሰማዋለን፤ ከታላላቆቻችን እንሰማዋለን፤ አልፎ አልፎም አዲስ አበባ ድረስ ሸክላ ፍለጋ ከመጣ ፈረንጅ እንሰማዋለን።

ችግሩ ምን መሰላችሁ? እኛ የተወለድነው ሙዚቃው ሞተ ከተባለ በኋላ ነው። በጆሯችን የገባው የመጀመሪያው ዘፈን የዚያ ሳጥን ዘፈን ነው። ድንኳን ተጥሎ፣ ሞንታርቦ ተደርድሮ፣ አንድ ሰው በሁለት እጁ ባንዱን፣ ከበሮውን፣ ክራሩን፣ ሁሉንም ሆኖ ሲጫወት ያየን ልጆች ነን። ታዲያ የተጨፈረበት ነገር እንዴት ሬሳ ይሆናል?

እስቲ ዛሬ ይህን የሞት ዜና እንመርምረው። ለመመርመር ግን መጀመሪያ ራቅ ብለን ቺካጎና ለንደን ደርሰን እንመለሳለን። ሰሞኑን እዚሁ ጅማ፣ አወቱ መንደራ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ከሰዓት እየተሰበሰብን የፈረንጆቹን የዘጠናዎቹ የጭፈራ ሙዚቃ ስንሰማ ከርመናል፤ ሃውሱን፣ ሬቩን፣ ብሬክቢቱን። ዛሬ «ክላሲክ» እየተባለ በአክብሮት የሚነሳው ያ ሁሉ ሙዚቃ የተሠራው ሰው በሚያጣጥለው ሳጥን ነው። ባንድ በሌለበት፣ በርካሽ ዕቃ፣ በሌሊት። ታሪኩ ከኛ ታሪክ ጋር ይህን ያህል ከተመሳሰለ፣ አንዱ ክላሲክ ሌላው ውድቀት የተባለበት ምክንያት መጠየቅ አለበት።

አንድ የቆጠራ ነገር እናጥራ። እነሱ «ናይንቲዝ» የሚሉት ዘመን በኛ ከ1982 እስከ 1992 ዓ.ም. ያለው ነው። ስለዚህ የእነሱ ዘጠናዎች የእኛ ሰማንያዎች ናቸው። የውጭውን ዓመት እ.ኤ.አ. እያልን፣ የራሳችንን ዓ.ም. እያልን እንሄዳለን።

ሞተ የተባለ ሙዚቃ በቺካጎ

ሐምሌ 1979 እ.ኤ.አ. ቺካጎ ውስጥ፣ ኮሚስኪ ፓርክ በተባለ የቤዝቦል ስታዲየም፣ አንድ የሬዲዮ ዲጄ ሕዝብ ሰብስቦ የዲስኮ ሸክላዎችን በፈንጂ አነጎደ። ቀልድ ነበር ተባለ፤ ሕዝቡ ግን ሜዳውን ወረረው፣ የዕለቱ ሁለተኛ ጨዋታም ተሰረዘ። ከዚያ በኋላ ዲስኮ ሞተ ተባለ። ቫዮሊኑን፣ ትረምፔቱን፣ ትልልቁን ኦርኬስትራ ከፍሎ የሚያስቀርጽ ጠፋ።

በዚያችው ከተማ «ዌርሃውስ» የሚባል ጭፈራ ቤት ነበረ። ደንበኞቹ በአብዛኛው ጥቁሮችና ላቲኖዎች፣ ብዙዎቹም ግብረ ሰዶማውያን ነበሩ፤ ሌላው ጭፈራ ቤት ፊቱን ያዞረባቸው ሰዎች ማለት ነው። ፍራንኪ ናክልስ የሚባለው ዲጄ እነዚያኑ «የሞቱ» ሸክላዎች እየቆራረጠ፣ እያስረዘመ ያጫውታቸው ነበር። «ሃውስ» የሚለው ስም ራሱ የመጣው ከዌርሃውስ ነው። በኋላ ዴሪክ ሜይ የተባለው የዲትሮይት ልጅ ሮላንድ ቲ.አር. 909 የሚባል ድራም ማሽን ሸጠለት። ከዚያ ወዲህ ከበሮ መቺ አላስፈለገም።

ይህ ሮላንድ የተባለ የጃፓን ኩባንያ ሦስት ሳጥኖች ሠርቶ ነበር፦ 808፣ 909 እና 303። ሦስቱም በወጡበት ጊዜ ገበያ አልቀናቸውም። የ808ቱ ከበሮ እውነተኛ ከበሮ አይመስልም ተባለ። 303 ደግሞ የተሠራው ብቻውን ለሚለማመድ ጊታር ተጫዋች ቤዝ ጊታሪስት እንዲሆንለት ነበር፤ ግን ቤዝ ጊታር አልመስል አለ። በጥቂት ዓመት ውስጥ ማምረቱ ቆመ፤ ዕቃዎቹም አሮጌ ተራ ወርደው በርካሽ ተሸጡ። በርካሽ የገዙት ገንዘብ ያልነበራቸው ልጆች ናቸው። ፊውቸር የተባሉ የቺካጎ ልጆች የ303ን ቁልፎች ያለ ቅጥ እያጠማዘዙ የሚጮህና የሚንጫጫ ድምፅ አወጡበት፤ በ1987 እ.ኤ.አ. በሸክላ ሲወጣ «አሲድ ሃውስ» የሚባለው ዘር በሙሉ ከዚያ በቀለ።

ነገሩን ልብ በሉት። ሳጥኑ የተሠራው የጎደለ ሰው ለመተካት ነው። የጎደለውን ሰው መሆን አቃተው። ያቃተው ነገር ግን አዲስ ድምፅ ሆነ።

ወደ ዘጠናዎቹ ስንገባ ደግሞ ኮርግ ኤም ዋን የሚባል ኪቦርድ አለ፤ በ1988 እ.ኤ.አ. የወጣ። ፋብሪካው አስቀድሞ የጫነለት አንድ የኦርጋን ድምፅ ነበረው። ስቶንብሪጅ የተባለው የስዊድን ዲጄ የሮቢን ኤስን «ሾው ሚ ላቭ» እንደገና ሲሠራው ያን ድምፅ ምንም ሳይለውጥ ተጠቀመበት። ዘፈኑ በ1993 ዓለምን ዞረ። ቢዮንሴ በ2022 «ብሬክ ማይ ሶል»ን ስታወጣም የዚያን ዘፈን ደራሲዎች ስም አብራ አስመዘገበች። ፋብሪካ የጫነው ድምፅ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ክላሲክ! እኛ አገር ግን «የተጫነ ድምፅ ነው እኮ!» ሲባል ስድብ ነው።

ሸክላው፣ ሰዓት እላፊው፣ ካሴቱ

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። አምሃ እሸቴ «አምሃ ሪከርድስ»ን በ1969 እ.ኤ.አ. አቋቋመ። አሊ ታንጎ እየተባለ የሚጠራው አሊ አብደላ ካይፋም ተከተለ። የዚህች የኛ ከተማ ልጅ ሙላቱ አስታጥቄ፣ ጅማ ተወልዶ፣ ዌልስና ለንደን፣ ከዚያም ቦስተን ተምሮ፣ ኢትዮ ጃዝ ያለውን ነገር በሸክላ ያሳተመው በዚያው ዘመን ነው። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከ1990ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ጀምሮ «ኤትዮፒክስ» በሚል ተከታታይ ሲዲ ይህን ቅርስ ለዓለም አሰማ። አራተኛው ሲዲ የሙላቱ ነበር፤ በ2005 «ብሮክን ፍላወርስ» በተባለው የጂም ጃርሙሽ ፊልም ውስጥ ሲገባ ዓለም ስሙን ያዘ። ትልቅ ውለታ ነው፣ አንክድም።

ውለታው ግን ጥላ አለው። «ወርቃማው ዘመን» የሚባለው አጥር ሲታጠር፣ በ1969 እ.ኤ.አ. ተከፍቶ ሸክላው ባበቃበት በ1978 አካባቢ ተዘጋ። ከአጥሩ ውጭ የቀረው የካሴት ዘመን ነው። ያም ማለት የኛ ዕድሜ በሙሉ ማለት ነው።

ሸክላው ለምን ቆመ? ደርግ መጣ። አምሃ እሸቴ በ1975 እ.ኤ.አ. አገር ጥሎ አሜሪካ ገባ። ሰዓት እላፊ ታወጀ፤ ከዚያ በኋላ ደርግ እስኪወድቅ ድረስ የአገሪቱ ሌሊት ተዘጋ። የምሽት ቤት ውስጥ የመሸበት ሰው እስኪነጋ መውጣት አይችልም። ዋልያስ ባንድ በአዲስ አበባ ሒልተን ሲጫወት የምሽቱ ደንበኛ እስከ ማለዳ እዚያው ነበር፤ ባንዱም አብሮ ያነጋል። ይህን የቻሉት ጥቂት የሆቴል ባንዶች ናቸው። ሌላው ቦታ ስምንትና አሥር ሰው ይዞ፣ ትንፋሽ መሣሪያ አሰልፎ፣ ሌሊቱን ሙሉ ከፍሎ ማን ይዘልቃል? ካሴት ደግሞ ርካሽ ነው፤ የመጠጥ ቤቱ ባለቤት ቴፕ ከፍቶ ይተኛል።

ስለዚህ ኪቦርዱ ባንዱን ገደለው የሚለው ክስ አያስኬድም። ባንዱን ያዳከመው የተዘጋው ሌሊትና የደኸየው ኪስ ነው። ኪቦርዱ የመጣው ለቀብሩ ነው፤ መጥቶም ወራሽ ሆነ።

ቺክቺካን ለማሽን ማስተማር

ወራሹ የሠለጠነበት አንዱ ቦታ ደግሞ ዋሽንግተን ዲሲ ነው። ዋልያስ በ1981 እ.ኤ.አ. አሜሪካን ሊዞር ሄዶ፣ ገሚሱ እዚያው ቀረ። ከቀሩት አንዱ ኃይሉ መርጊያ ነው። በ1985 እ.ኤ.አ. ኃይሉ ብቻውን ስቱዲዮ ገባ። አኮርዲዮን፣ ሞግ ሲንተሳይዘር፣ ኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ያማሃ ዲ.ኤክስ. 7፣ ከነዚህ ሥር ደግሞ የማሽን ከበሮ። «ሸሞንሟናዬ»ን የያዘው ካሴት ወጣ። የልጅነቱን አኮርዲዮን በሳጥን ከበሮ ላይ አስቀመጠው። ቺካጎዎች ሳጥናቸውን የሚያጠማዝዙበት ዘመን ነው፤ አይተዋወቁም።

ከእርሱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1984 እ.ኤ.አ.፣ እዚያው ዋሽንግተን፣ አበጋዝ ክብረወርቅ ሺኦታ፣ ሄኖክ ተመስገን፣ ቴዎድሮስ አክሊሉ እና ዮሴፍ ተስፋዬ «አድማስ» በሚል ስም «ሰንስ ኦፍ ኢትዮጵያ» የተባለ ሸክላ በራሳቸው አሳተሙ። ሲንተሳይዘርና ድራም ማሽን የሞላው፣ ከሁሉም አገር የቀመሰ ሥራ ነው። አበጋዝና ሄኖክ በኋላ ወደ አገር ቤት ተመልሰዋል፤ ከጃዛምባ የሙዚቃ ትምህርት ቤት መሥራቾችም ናቸው። አበጋዝ ያቀናበረውን ሳይሰማ ያደገ የከተማ ልጅ አለ ብለን አናምንም፤ ስሙን ግን ስንቱ ያውቀዋል?

እዚህ ላይ ስለ ሙያው እናውራ፤ «አንድ ቁልፍ ነክቶ ዝም ነው» የሚሉ ስላሉ። የሃውስ ምት አራት ነው፤ በእያንዳንዱ ምት ላይ ወፍራሙ ከበሮ «ዱም» ይላል። ማንኛውም ድራም ማሽን ከፋብሪካው ሲወጣ ይህን ይችላል። ቺክቺካ ግን ስድስት ስምንተኛ ነው። እግርህ ሁለት ሲቆጥር እጅህ ሦስት ይቆጥራል፤ ትከሻህ በመሃል ቤት ይገባል። ጃፓን የተሠራው ኪቦርድ ዲስኮ፣ ቦሳኖቫ፣ ሮክ፣ ዋልስ የሚሉ ምቶች ይዞ ነው የሚመጣው። ቺክቺካ የሚል ቁልፍ የለውም። ተጫዋቹ ወይ ዋልሱን አፍጥኖ ያታልለዋል፣ ወይ ምት በምት ራሱ ይሞላዋል።

ቅኝቱም እንደዚያው። ኪቦርድ ያላችሁ ሞክሩት፦ አምስቱን ጥቁር ቁልፎች ብቻ ብትነኩ ትዝታ ሜጀር ይወጣላችኋል። አምባሰል ወይም አንቺሆዬ ስትሉ ግን ጣት ይጠላለፋል። ስለዚህ ብዙ ተጫዋች አንድ አመቺ ቦታ ላይ ጣቱን ያስለምድና በ«ትራንስፖዝ» ቁልፍ ድምፁን ወደ ዘፋኙ ያመጣዋል። ማሲንቆ ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው ተንሸራቶ ይሄዳል፤ ኪቦርድ ግን ደረጃ በደረጃ ነው። ይህን ለመሸፈን በግራ እጅ ያለችውን የድምፅ ማጠፊያ ጎማ እያንቀጠቀጡ ማሲንቆ እንዲያለቅስ ያደርጋሉ። ሙሉ በሙሉ ማሲንቆ አይሆንም። 303ም ቤዝ ጊታር አልሆነም።

ደርግ በ1983 ዓ.ም. ወደቀ፤ ሰዓት እላፊውም ብዙ ሳይቆይ ቀረ። ሌሊቱ ሲከፈት ለሌሊቱ የተዘጋጀው ማን ነበር? ሳጥኑ! አንድ ኪቦርድ፣ አንድ ዘፋኝ፣ ሁለት ስፒከር፣ በሚኒባስ ጣሪያ ላይ የሚጫን ባንድ። ለጅማና ለዙሪያዋ ይህ ትልቅ ነገር ነው። አዲስ አበባ ለኛ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ባለ አሥር ሰው ባንድ አጋሮ፣ ሊሙ ገነት፣ ሰቃ ድረስ በምን አቅም ይመጣል? ቡና ተለቅሞ ገንዘብ እጅ ሲገባ ሠርጉ ይከታተላል፤ ለሠርጉ የሚደርሰው ባለ ኪቦርዱ ነው። እዚህ አካባቢ ደግሞ በአንድ ድንኳን ኦሮምኛ፣ አማርኛ፣ ጉራጊኛ፣ ዳውሮኛ ይጠየቃል። ኦሮምኛውን ጨርሶ ወደ ጉራጊኛ ሲሻገር ምቱን ሳያቋርጥ የሚያሸጋግር ሰው፣ ለንደን ውስጥ ቢሆን ዲጄ ተብሎ ስሙ በፖስተር ላይ በትልቁ ይጻፍ ነበር።

ሌሊቱ የማን ነው?

እንግሊዝ ውስጥ ነገሩ ተገልብጦ ነው የመጣው። እዚያ መንግሥት ሌሊቱን ሊዘጋ የተነሳው በሙዚቃው ምክንያት ነው። በግንቦት 1992 እ.ኤ.አ. ካስልሞርተን በተባለ ሜዳ ላይ ከ20 ሺህ የሚበልጥ ወጣት ያለ ፈቃድ ተሰብስቦ ቀናት ሙሉ ጨፈረ። በ1994 ፓርላማው ያወጣው ሕግ ፖሊስ ሜዳ ላይ የሚደረግ ሬቭ እንዲበትን ሥልጣን ሰጠው። ሕጉ የትኛው ሙዚቃ እንደሚመለከተው ሲተረጉም፣ ተደጋጋሚ ምት ያለውን ድምፅ በስም ጠቅሶ አስገባ። ምት በአዋጅ!

የዚያን ዓመት ልጆች ከነዚህ ሰዎች ጋር እናስተዋውቃችሁ። ዘ ፕሮዲጂ የተባለው ቡድን ሙዚቃ ሠሪ ሊያም ሃውሌት የመጀመሪያውን አልበም በ1992 ሲያወጣ ዋና መሣሪያው አንድ የሮላንድ ኪቦርድ ነበር፤ የሠራውም በአብዛኛው በመኝታ ክፍሉ ነው። «አውት ኦፍ ስፔስ» የተባለው ዘፈኑ የጃማይካዊውን የማክስ ሮሚዮን የ1976 ሬጌ ቆርጦ የወሰደ ነው። ጎልዲ በ1995 «ታይምለስ»ን ሲያወጣ ደግሞ በሴኮንድ የሚሰባበረውን ከበሮ ከቫዮሊን ጋር አጋባው። ሁለቱን ደጋግመን ሰምተናል። የሚገርመን ፍጥነቱ አይደለም፤ የጉራጊኛን ፍጥነት ለለመደ ጆሮ ፍጥነት ብርቅ አይሆንም። የሚገርመን አንድ ሰው ብቻውን ቤቱ ተቀምጦ የብዙ ሰው ጭፈራ መሥራቱ ነው። ኃይሉም ያደረገው ይህንኑ ነው።

ስሙ ያልተጻፈው ከበሮ መቺ

አሁን ወደሚያመው ቦታ እንምጣ። ከሬቭ ወደ ጃንግል የተሻገረው የለንደን ሙዚቃ በብዛት የቆመው በአንድ ከበሮ ላይ ነው። ርዝመቱ ስድስት ሴኮንድ ያህል፣ ከ1969 እ.ኤ.አ. «አሜን ብራዘር» ከተባለ ሸክላ የተቆረጠ። ባንዱ «ዘ ዊንስተንስ» ይባላል፤ መቀመጫው ደግሞ… ዋሽንግተን ዲሲ! ከበሮውን የመታው ግሪጎሪ ኮልማን ነው። እነዚያ ስድስት ሴኮንዶች በሺህ በሚቆጠሩ ሥራዎች ውስጥ ገብተዋል። ኮልማን ከዚያ ሳንቲም ሳያገኝ በ2006 አትላንታ ውስጥ ቤት አልባ ሆኖ ሞተ። በ2015 አድናቂዎች ገንዘብ አዋጥተው ወደ 24 ሺህ ፓውንድ ለባንዱ መሪ ለሪቻርድ ስፔንሰር ሰጡ። ለኮልማን ግን ዘገየ።

ይህን ስናነብ ያሰብነው የካሴት ሽፋኖቻችንን ነው። እስቲ የቤታችሁን አንድ ካሴት አውጡና እዩ። የዘፋኙ ፎቶ ሽፋኑን ሞልቶታል። የሙዚቃ ቤቱ ስም በደማቁ አለ። ግጥምና ዜማ አንዳንዴ አለ፣ አንዳንዴ የለም። ያንን ምት አንድ በአንድ የሞላው ሰውስ? ዕድለኛ ከሆነ «ቅንብር» ተብሎ በትንሹ ጥግ ላይ አለ። ሠርግና ምሽት ቤት ሲጫወት የኖረው ደግሞ ጭራሽ ወረቀት ላይ አልሰፈረም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 የወጣው በ1996 ዓ.ም. ነው፤ የካሴቱ ዘመን እያለፈ ሳለ ማለት ነው።

የተሻለው ዜና ሰው መነቃቃቱ ነው። የኃይሉን ካሴት ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ ባህር ዳር ውስጥ አግኝቶ በ2013 እ.ኤ.አ. እንደገና አሳተመው። ኃይሉ ያኔ ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ነጂ ነበር፤ ኪቦርዱን በመኪናው ኮፈን ይዞ በተራ መሃል ይለማመዳል። ካሴቱ ሲወጣ ወደ ዓለም መድረክ ተመለሰ። የአድማስም ሸክላ በ2020 እንደገና ታተመ። የትራንስግሎባል አንደርግራውንድ መሥራች ኒክ ፔጅ፣ ራሱ የለንደን የዘጠናዎቹ ጭፈራ ልጅ፣ በ2006 አዲስ አበባ መጥቶ ከሳሙኤል ይርጋና ከጸደንያ ገብረማርቆስ ጋር «ዳብ ኮሎሰስ»ን ሠራ። እንደገና ሙሉና ሚካኤል ሰይፉ በ2014 እ.ኤ.አ. «ቀን ሰው» እና «ያራዳ ልጅ» የተባሉ የኤሌክትሮኒክ ሥራዎችን በዋሽንግተኑ 1432 አር አወጡ። ሮፍናን ደግሞ በ2010 ዓ.ም. በ«ነጸብራቅ» ስታዲየም የሚሞላ ሕዝብ አስጨፈረ። እነዚህ ልጆች ከሰማይ አልወረዱም። ማሲንቆና ማሽን አብረው መሄዳቸውን የለመደ ጆሮ ቀድሞ ነበራቸው።

ለአባቶቻችን ፍርድ እንስጥ፦ ሳጥኑ ሥራ ያሳጣቸው ትረምፔተኞች ነበሩ፤ ያ ኪሳራ እውነት ነው። በዚያ ዘመን ከወጣው ካሴት ውስጥም አሰልቺው ብዙ ነው፤ ከቺካጎ ሃውስም አሰልቺው ብዙ ነበር። ልዩነቱ፣ ቺካጎዎች ጥሩውን ከመጥፎው የለዩት ደጋግመው ሰምተው፣ ጽፈው፣ ተከራክረው ነው። እኛ ጠቅላላውን «የኪቦርድ ዘመን» ብለን በአንድ ጆንያ አሰርነው። ባህር ዳር ውስጥ የተገኘችዋ አንዲት ካሴት ይህን ያህል ከሠራች፣ ጅማ መርካቶ፣ አጋሮ፣ ሊሙ ውስጥ በየመሳቢያው ያለው ምን ይሆን?

ጊዜው ግን አይጠብቅም። ካሴት ሻጋታ ይበላዋል፤ የጅማ ዝናብ ደግሞ የታወቀ ነው። ብዙው ላዩ ላይ ሌላ ተቀድቶበታል፤ ጥጓ የተሰበረችውን መከላከያ በወረቀት ደፍኖ መቅዳት ያልሠራ ቤት የለም። ስለዚህ ቤታችሁ ካሴት ካለ ከእርጥበት አውጡት። የሚሠራ ቴፕ ያለው ጎረቤት ፈልጉ፤ ከጆሮ ማዳመጫው ቀዳዳ ወደ ኮምፒውተር በአንድ ሽቦ መገልበጥ ይቻላል። ሽፋኑን በስልክ ፎቶ አንሱት፣ ሁለቱንም ገጽ።

በሚቀጥለው ሠርግ ደግሞ ጭፈራው ጋብ ሲል ወደ ባለ ኪቦርዱ ጠጋ በሉ። ስምዎ ማን ይባላል በሉት። መቼ ጀመሩ፣ የመጀመሪያው ኪቦርድዎ ምን ነበር፣ ቺክቺካውን ማን አስተማረዎት፣ በየትኛው ካሴት ላይ ተጫውተዋል በሉት። መልሱን ከነቀኑ ጻፉትና አስቀምጡት።